ሽንት ጨርቁ ከልጁ ጋር ወደ ማቆያ ሲሄድ

ልጄን ሕፃናት ማቆያ ላስመዘግብ የሄድኩ ዕለት በተሰጠኝ የዕቃ ዝርዝር ላይ ከጡጦና ከቅያሪ ልብስ በላይ የተጻፈው «ዳይፐር፣ አንድ እሽግ» የሚል ነበር። እኔ ደግሞ ቤት የምጠቀመው ሽንት ጨርቅ ነው። ይህንኑ ስናገር የክፍሉ ሞግዚት ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ሦስት ሆነን አሥር ሕፃን ነው የምንይዘው፤ ጨርቅ የምናጥብበት ጊዜ ከየት ይመጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔም እንዲያጥቡ አልፈለግኩም፤ ግን ይህን አስቀድሜ አላስረዳሁም ነበር።

ሽንት ጨርቅ ማቆያ ውስጥ ተቀባይነት የሚያገኘው ወይም የሚያጣው ሞግዚቷ ላይ በሚጨምረው ሥራ ልክ ነው። ከታች ያለው አሠራር የተዘጋጀው ይህን ታሳቢ አድርጎ ነው። መታጠቡ፣ መታጠፉና መቆጠሩ ቤት ያልቃል፤ ለማቆያው የሚቀረው መፍታትና ማሰር ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አሁን የሚሠራው ሽንት ጨርቅ ሁለት ክፍል አለው፤ ሽንቱን የሚመጥ የውስጥ ጨርቅና ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን። ሽፋኑ እግሩ ላይ ላስቲክ፣ ወገቡ ላይ ቀጭ ብሎ የሚዘጋ ቁልፍ አለው። በመርፌ ቁልፍ የሚያያዘውን ለቤት ይተዉት፤ ማቆያ ውስጥ ማንም በመርፌ መጨነቅ የለበትም።

ብዛቱን እንዲህ ያስሉ። ልጁ ጧት 2፡00 ገብቶ 11፡30 የሚወጣ ከሆነ ማቆያ የሚቆየው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። በየሁለት ሰዓት ተኩል ለሚደረገው ቅያሬ አራት፣ ለሰገራ አንድ፣ ለድንገተኛ አንድ፣ በድምሩ ስድስት ያስፈልጋል። ማታና ሌሊት ደግሞ አራት ያህል ይሄዳል። በቀን 10 ማለት ነው። በየሁለት ቀኑ ለሚያጥብ ቤት 20፣ ገመድ ላይ ላለው 4 ተጨምሮ 24 የውስጥ ጨርቅ ይበቃል። ሽፋኑ ቶሎ ስለሚደርቅ 14 ካለ አይቸግርም። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚሸኑ ወደ ማቆያ በሚልኩት ላይ አንድ ይጨምሩ።

ከዚህ ሌላ ዚፕ ያላቸው ሁለት ከረጢቶች ያዘጋጁ። ልብስ ሰፊ ዘንድ ከዝናብ ልብስ ጨርቅ ማሰፋት ይቻላል። አንዱ ማቆያ ውሎ ሲመጣ ሌላው በማግሥቱ ይሄዳል።

1. ከምዝገባው በፊት ሞግዚቷን ያነጋግሩ

ከኃላፊዋ ጋር ተስማምቶ መውጣት አይበቃም፤ ልጁን የምትቀይረው ሌላ ሰው ናት። ጠረጴዛ ላይ ከመነጋገር ይልቅ አሻንጉሊት ይዘው ይሂዱና እፊቷ ቀይረው ያሳዩ። ከዚያም እሷ ትሞክረው። እኔ ለሞግዚቷ ያልኳቸው ይህን ነው፦ «እትዬ፣ እርስዎ የሚያደርጉት ሦስት ነገር ነው፤ መፍታት፣ ከረጢት መክተት፣ ሌላውን ማሰር። አያጥቡም፣ አይዘፈዝፉም፣ አያሰጡም።» አሻንጉሊቱን ሁለቴ ካሰሩ በኋላ፣ «ይኼማ ያው ዳይፐር ነዋ!» አሉ።

እዚያው ሦስት ነገር ይጠይቁ። የቆሸሸው ከረጢት የት ይሰቀላል? ሰገራ የሚደፋበት መጸዳጃ ከመቀየሪያው ክፍል ምን ያህል ይርቃል? ልጆች በየስንት ሰዓቱ ይቀየራሉ? ከሦስት ሰዓት በላይ የሚያቆዩ ከሆነ የውስጥ ጨርቁን ደርበው መላክ አለብዎት።

2. አዲሱን ጨርቅ ቀድመው ያጥቡ

አዲስ ጥጥ ውሃ ይገፋል። ከአምስት እስከ ስድስት ጊዜ ታጥቦ እስኪደርቅ ሙሉ በሙሉ አይመጥም። ይህን ሳያደርጉ ማቆያ የላኩት ጨርቅ የመጀመሪያው ቀን ላይ ያፈስና «ሽንት ጨርቅ አይሆንም» የሚል ስም ያተርፋል። ያ ስም ደግሞ በቀላሉ አይለቅም።

3. ሁሉንም ቤት ውስጥ ያገጣጥሙ

ማታ ልጁ ሲተኛ ለነገ የሚሄዱትን ስድስቱን ይደርድሩ። የውስጥ ጨርቁ ከሽፋኑ ጋር ተገጣጥሞ፣ ጠርዙ ወደ ውጭ ሳይወጣ ይቀመጥ። ከላዩ ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ስስ ጨርቅ ያንጥፉበት፤ ሰገራውን የሚይዘው እሱ ነው፣ የውስጥ ጨርቁንም ከቅባት ይከላከላል።

ቁልፉ የቱ ላይ እንደሚዘጋ ሞግዚቷ መገመት የለባትም። የልጁን ልክ በሚይዘው ቁልፍ አጠገብ ቀይ ክር ይስፉ። «ቀዩ ላይ ይዝጉት» ማለት ብቻ ይበቃል። ልጁ ሲያድግ ክሩን ወደሚቀጥለው ቁልፍ ያዛውሩት። በየሽፋኑ ወገብ ላይ ስሙን በማይለቅ እስክሪብቶ ይጻፉ።

4. የሰገራውን ጉዳይ አስቀድመው ይጨርሱ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት የሚከፈልበት ፈቃድ አላት። ስለዚህ ብዙ ሕፃን ማቆያ የሚገባው ገና በሦስት ወሩ ነው። በዚያ ዕድሜ ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ሰገራው በውሃ በቀላሉ ስለሚለቅ ሞግዚቷ ጨርቁን ጠቅልላ ከረጢት መክተት ብቻ ይጠበቅባታል።

ስድስት ወር ሞልቶት ገንፎና አጥሚት ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል። ሰገራው ይጠጥራል፣ ሽታውም ይከብዳል። ስሱን ጨርቅ አንስታ መጸዳጃ ላይ ማራገፍ ከቻለች ጥሩ፤ ካልቻለች እንዳለ ጠቅልላ ትላከው፣ ቤት ያራግፉታል። የሕፃን ሰገራ ከአዋቂው እኩል በሽታ ያስተላልፋልና ሁለታችሁም ከቀየራችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ዋይፕስ ከጨርቁ ጋር እንዳይጠቀለልም ያሳስቡ፤ እጥበት ውስጥ ገብቶ ይበጣጠስና ሁሉ ላይ ይጣበቃል።

5. በግማሽ ቀን ይጀምሩ

በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ምሳ ሰዓት ያለውን በሽንት ጨርቅ፣ ከሰዓት ያለውን በሚጣል ዳይፐር ያድርጉት። በሁለተኛው ሳምንት ሙሉ ቀን ይሞክሩ። ሲለምዱትም ሁለት የሚጣል ዳይፐር ማቆያ ይቀመጥ። ልጁ ተቅማጥ የያዘው ቀን፣ ወይም የሰፈሩ ውሃ ጠፍቶ የሰነበተ ጊዜ፣ ያንን መጠቀም ሽንፈት አይደለም።

6. ማታ የመጣውን በዕለቱ ይያዙ

ከረጢቱን ገልብጠው ሰገራውን መጸዳጃ ያራግፉ፣ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቀው ይጭመቁ። ከዚያ ክዳን ባለው ባልዲ በደረቁ ያስቀምጡት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ላስቲኩን ይጎዳል፣ ሽታም ያመጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ውሃ ያለበት ባልዲ ለሚድህ ሕፃን የመስመጥ አደጋ ነው። ከሁለት ቀን በላይ አያቆዩት፤ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ እጥበቱን ከፈረቃው ቀን ጋር ያጣጥሙ።

ሲያጥቡ በእጅ ከሆነ እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃና በኦሞ፣ በማሽን ከሆነ በ60 ዲግሪ ያድርጉት። አረፋው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። በረኪና ላስቲኩንና ውሃ የማያሳልፈውን ሽፋን ይበላል፤ ልብስ ማለስለሻ ደግሞ ጨርቁ እንዳይመጥ ያደርጋል። ሁለቱም ይቅሩ። ንጹሕ ጥጥ የሆነውን የውስጥ ጨርቅ አልፎ አልፎ መቀቀል ይቻላል፤ ሽፋኑን ግን በፍጹም። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃ አይድፉት፤ መጸዳጃ ቤት ይጠቅማል።

7. ክረምትን ያስቡበት

በበጋ ፀሐይ እድፉንም ሽታውንም ትወስዳለች። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ወፍራሙ የተደራረበ ጨርቅ ሁለት ቀን ገመድ ላይ ሊውል ይችላል። መፍትሔው ተዘርግቶ የሚሰጣና ሲፈለግ የሚታጠፍ ሰፊ ስስ ጨርቅ ነው፤ አያቶቻችን ይጠቀሙበት የነበረው ዓይነት። ጥጡን መተኮስ ይቻላል፤ ሽፋኑ ግን ካውያም የከሰል ምድጃም አይንካው፣ ይቀልጣል።

ችግር ሲገጥም

ካፈሰሰ፦ መጀመሪያ የውስጥ ጨርቁ ጠርዝ በእግሩ በኩል ወጥቶ እንደሆነ ይዩ። እኛ ቤት የመጀመሪያው ሳምንት ፍሳሽ ሁሉ መንስኤው ይኸው ነበር። ቀጥሎ ከላይ የሚለብሰው ልብስ አጥብቆ እንዳይጨምቀው ያረጋግጡ።

ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ልጁ ሲሸናበት ወዲያው የሚከረፋ ከሆነ፦ ሳሙና ውስጡ ቀርቷል ወይም በደንብ አልታጠበም። ያለ ሳሙና በሙቅ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት።

ቆዳው ከቀላ፦ በየስንት ሰዓቱ እንደሚቀየር ጠይቀው ያሳጥሩት፤ ቤት ሲመጣ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳይታሰርበት አየር ይንካው። ቫዝሊን ከተቀባ ስሱ ጨርቅ ይኑርበት፤ ቅባቱ የውስጥ ጨርቁን ይደፍነዋል። በሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ወይም በቀላው ዙሪያ ትናንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ከታዩ፣ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ይቁጠሩ

በሳምንት አንዴ ሁሉንም አውጥተው ይቁጠሩ፣ የላላ ላስቲክ ካለ ያስጠግኑ፣ የቀይ ክሩን ቦታ ያስተካክሉ። ማቆያ የቀረ ካለም ሰኞ ሳይረሳ ይጠየቃል።

አንድ ነገር ግን በቆጠራ አይታይም። ባለፈው ወር ልጄ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲዛወር ስድስቱን ጨርቅ እንደወትሮው ደርድሬ ላክሁ። ማታ ስወስደው የሚጣል ዳይፐር ለብሷል፣ ስድስቱም ንጹሕ ሆነው ተመለሱ። አዲሷን ሞግዚት ያሳያት ሰው አልነበረም። በማግሥቱ ጧት ሩብ ሰዓት ቀደም ብዬ ሄድኩ፤ ቦርሳዬ ውስጥ አሻንጉሊቱ ነበር።