የአጭር ሞላላ መም ፊዚክስ፦ ከውድድር መኪና እስከ መካነ ሰላም ኩርባ

በሰሜን አሜሪካ በስፋት ከሚዘወተሩት የመኪና ውድድሮች አንዱ “ስቶክ ካር” የተባለው ነው። ስያሜው የመጣው ተወዳዳሪዎቹ በመጀመሪያ ላይ ለሽያጭ ከቀረቡት ተራ መኪኖች የማይለይ መኪና ይነዱ ስለነበረ ነው። ውድድሩን የሚመራው ናስካር የተሰኘ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ተቋቋመ። ዛሬ መኪኖቹ በውጫዊ መልካቸው የገበያውን ሞዴል ቢመስሉም ለውድድር ብቻ ተብለው የሚሠሩ ናቸው። ውድድሩ በአብዛኛው የሚካሄደው በሞላላ መም ላይ ሲሆን፣ የዙሩ ርዝመት ከአንድ ማይል ማለትም ከ1.6 ኪሎ ሜትር ያነሰው “አጭር መም” ይባላል።

ይህ ስፖርት በአገራችን የተለመደ አይደለም። ሆኖም በዚያ መም ላይ የሚዞረውን መኪናና ከደቡብ ወሎዋ መካነ ሰላም ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን አውቶቡስ የሚገዛቸው የተፈጥሮ ሕግ አንድ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ሕግ ከመሠረቱ ማስረዳትና በምንጓዝባቸው ኩርባዎች ላይ ምን እንደሚነግረን ማሳየት ነው።

መታጠፍ ኃይል ይጠይቃል

ኒውተን እንዳስተማረው፣ በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል የውጭ ኃይል እስካልገጠመው ድረስ በዚያው ፍጥነት ቀጥ ባለ መስመር ይጓዛል። ይህ የቁስ አካል ጠባይ ኢነርሽያ ይባላል። አውቶቡስ ወደ ግራ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ወደ ቀኝ የተገፋ ይመስለዋል። ነገር ግን ወደ ቀኝ የገፋው ኃይል የለም፤ ሰውነቱ ቀጥ ብሎ ሊሄድ ሲል መቀመጫው ከሥሩ ወደ ግራ ስለታጠፈበት ነው። እርሱም አብሮ የሚታጠፈው የአውቶቡሱ ጎን ወይም የጎረቤቱ ትከሻ ወደ ግራ መልሶ ሲገፋው ነው።

ስለዚህ የሚታጠፍ አካል ሁሉ ወደ ኩርባው መሃል የሚስበው ኃይል ያስፈልገዋል። የኃይሉ መጠን እንደሚከተለው ይሰላል፦

ኃ = መ × ፍ² ÷ ሬ

በዚህ ቀመር ኃ ወደ መሃል የሚስበውን ኃይል፣ መ የአካሉን መጠነ ቁስ፣ ፍ ፍጥነቱን፣ ሬ ደግሞ የኩርባውን ሬዲየስ ያመለክታሉ። ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ፍጥነት በራሱ ስለሚባዛ ፍጥነቱን እጥፍ ያደረገ ሾፌር አራት እጥፍ ኃይል ያስፈልገዋል። ሁለተኛ፣ ኩርባው በጠበበ መጠን የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል።

ሯጮቻችን የሚያውቁት ዘዴ

ይህን ሕግ በመኪና ከማየታችን በፊት አጭር ሞላላ መምን ጠንቅቀው ወደሚያውቁት ኢትዮጵያውያን እንሻገር። የቤት ውስጥ አትሌቲክስ መም ዙሩ 200 ሜትር ሲሆን የኩርባው ሬዲየስ 17 ሜትር ገደማ ነው። ጉዳፍ ጸጋይ እ.ኤ.አ. በ2021 በፈረንሳይዋ ሊዬቫን ከተማ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ53.09 ሰከንድ ስትሮጥ አማካይ ፍጥነቷ በሰከንድ 6.4 ሜትር ያህል ነበር። ሯጭ በኩርባ ላይ ሚዛኑን የሚጠብቀው ወደ ውስጥ ዘንበል በማለት ሲሆን፣ የዘንበልታው ታንጀንት ፍ² ለ(9.8 × ሬ) ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በዚህ ስሌት ጉዳፍ በየኩርባው 14 ዲግሪ ያህል ዘንበል ማለት ነበረባት። ከቤት ውጭ ባለው 400 ሜትር መም ሬዲየሱ 36.5 ሜትር ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት የሚያስፈልገው 6.5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው።

የቤት ውስጥ መም ኩርባ ከውጭ በኩል ከፍ ተደርጎ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው በዚህ ምክንያት ነው። መሙ ሲያዘነብል የሯጭዋ እግር ለመሙ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ ቁርጭምጭሚቷም አይጣመምም። የመኪና መም መሐንዲሶችም የተጠቀሙት ይህንኑ ዘዴ ነው።

ሁለት መሞች፣ ሁለት ዝንባሌዎች

ዝርግ በሆነ መንገድ ላይ መኪናን ወደ መሃል የሚስበው በጎማና በመንገድ መካከል ያለው ሰበቃ ብቻ ነው። የሰበቃውን ጥንካሬ የሚገልጸውን ቁጥር “ሰ” ብንለው፣ መኪናው ሳይንሸራተት ሊታጠፍ የሚችልበት ከፍተኛ ፍጥነት የሚከተለው ይሆናል፦

ፍ² = ሰ × 9.8 × ሬ

አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው መጠነ ቁስ በዚህ ቀመር ውስጥ አለመኖሩን ነው። ክብደት ሲጨምር ሰበቃውም የሚያስፈልገው ኃይልም እኩል ስለሚጨምሩ እርስ በርስ ይሰረዛሉ። “መኪናዬ ከባድ ስለሆነ መንገድ ይይዛል” የሚለው አባባል በኩርባ ላይ አያስተማምንም።

መንገዱ ወደ ውስጥ ሲያዘነብል መንገዱ ራሱ መኪናውን የሚገፋበት ኃይል በከፊል ወደ መሃል ያመራል፤ ሰበቃውንም ያግዛል። የዝንባሌውን ታንጀንት “ታ” ካልነው ቀመሩ እንዲህ ይሆናል፦

ፍ² = 9.8 × ሬ × (ታ + ሰ) ÷ (1 − ታ × ሰ)

አሁን ሁለት ታዋቂ አጫጭር መሞችን እናወዳድር። በቨርጂኒያ የሚገኘው የማርቲንስቪል መም ዙሩ 847 ሜትር ሲሆን ኩርባዎቹ 12 ዲግሪ ያዘነብላሉ። ቀጥተኛ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው 244 ሜትር ስለሆኑ፣ ኩርባውን እንደ ግማሽ ክብ ብንቆጥረው ሬዲየሱ 57 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሰበቃውን 1 ብለን ብንወስድ፣ ኩርባው ዝርግ ቢሆን ኖሮ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ይሆን ነበር፤ በ12 ዲግሪ ዝንባሌ ግን ወደ 105 ኪሎ ሜትር ያድጋል።

በቴነሲ ያለው የብሪስቶል መም ዙሩ 858 ሜትር በመሆኑ በርዝመት ከማርቲንስቪል እምብዛም አይለይም። ሬዲየሱ ወደ 74 ሜትር ሰፋ ይላል፤ ዝንባሌው ግን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ይደርሳል። 26 ዲግሪን ወስደን ስናሰላ ፍጥነቱ በሰዓት 165 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። እውነተኛው ውጤትም ከዚሁ ጋር ይስማማል፦ ማርቲንስቪልን ለመዞር 20 ሰከንድ ገደማ ሲወስድ ብሪስቶል በ15 ሰከንድ አካባቢ ይዞራል። የማርቲንስቪል ሾፌር በየኩርባው በኃይል ፍሬን መያዝ ስላለበት የፍሬኑ ዲስክ እስኪቀላ ድረስ ይግላል።

እንዲህ ያለ መም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ በሆነችው መካነ ሰላም ቢሠራ ምን ይለወጥ ነበር? አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ተራው ሞተር ከጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። የጎማውና የመንገዱ ሰበቃ ግን በአየሩ መሳሳት አይቀየርም። በደጋ ላይ መኪናው ቀስ ብሎ ይፈጥናል እንጂ ኩርባው የሚፈቅድለት ገደብ ያው ነው።

ግድግዳው የሠራው ሥራ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 30 ቀን 2022 በማርቲንስቪል በተካሄደ ውድድር ሮስ ቻስቴይን የተባለው ሾፌር በመጨረሻው ዙር አሥረኛ ነበር። ወደ ፍጻሜው ውድድር ለማለፍ ሁለት ቦታ ማሻሻል ነበረበት። በመጨረሻዎቹ ኩርባዎች ላይ ሌሎቹ ፍሬን ሲይዙ እርሱ ማርሹን ወደ አምስተኛ ቀይሮ ነዳጅ እንደረገጠ የመኪናውን ቀኝ ጎን በውጭው ግድግዳ ላይ አሳረፈ። በግድግዳው ላይ እየተፋቀ አምስት መኪኖችን ቀድሞ ገባ። ዙሩን የጨረሰው በ18.845 ሰከንድ ነበር። ሐሳቡን ያገኘው በልጅነቱ ከተጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል።

ፊዚክሱ ግልጽ ነው። ለዚያ ፍጥነት የጎማው ሰበቃና የመሙ ዝንባሌ አይበቁም ነበር፤ የጎደለውን ኃይል ግድግዳው ወደ መሃል በመግፋት አሟላ። ናስካር በ2023 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለው ድርጊት ከዚያ በኋላ በደኅንነት ደንቡ መሠረት እንደሚያስቀጣ አስታወቀ። ግድግዳ የተሠራው ለመጓጓዣነት አይደለምና።

የግድግዳው ተገቢ ሥራ የሰውን ሕይወት ማትረፍ ነው። ዴል ኧርንሃርት የተባለው ዝነኛ ተወዳዳሪ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 በዴይቶና መም ግድግዳ ጋር ተጋጭቶ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተነደፈ፣ ከብረት ቱቦና ከአረፋ የተሠራ አዲስ ግድግዳ በኢንዲያናፖሊስ መም ተተከለ። ይህ ግድግዳ ሲመታ ስለሚያፈገፍግ መኪናው የሚቆምበት ጊዜ ይረዝማል፤ ጊዜው ሲረዝም በሾፌሩ ሰውነት ላይ የሚያርፈው ኃይል ይቀንሳል።

ግድግዳ የሌለው ኩርባ

የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋዎች በበሽሎና በዓባይ ሸለቆዎች የተከበቡ ናቸው። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃሟ ጉንደ ወይን የሚሻገረው መንገድ ወደ ዓባይ ሲወርድ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ ይቀንሳል። በእንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ ከኩርባው ውጭ የሚጠብቀው ብዙ ጊዜ ገደል ነው፤ የጎደለውን ኃይል የሚያሟላ ነገር በዚያ የለም።

ሬዲየሱ 20 ሜትር የሆነ አንድ ዝርግ ኩርባ እንውሰድ። አስፋልቱ ደረቅ ሆኖ ሰበቃው 0.7 ቢሆን ገደቡ በሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ነው። በሐምሌ ዝናብ ሰበቃው ወደ 0.4 ቢወርድ ገደቡ 32 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በዚያው ዝናብ መንገዱ 5 ዲግሪ ወደ ውስጥ ቢያዘነብል 36፣ በተቃራኒው 5 ዲግሪ ወደ ገደሉ ቢያዘነብል ደግሞ 28 ኪሎ ሜትር ብቻ ይፈቅዳል። ትናንት በደረቅ መንገድ በ40 ኪሎ ሜትር በሰላም ያለፈ ሾፌር ዛሬ በዚያው ፍጥነት አያልፍም።

ሌላው አደጋ መገልበጥ ነው። በሁለቱ ጎን ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት 2 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍታ ላይ የሆነ አውቶቡስ የመገልበጥ ገደቡ 1 ÷ 1.2 ማለትም 0.83 ነው። ይህ ከደረቁ አስፋልት ሰበቃ ስለሚበልጥ አውቶቡሱ ከመገልበጡ በፊት ይንሸራተታል። በፖርቶመጋላው ላይ እህልና ዕቃ ተቆልሎ ማዕከሉ ወደ 1.6 ሜትር ከፍ ቢል ግን ገደቡ ወደ 0.63 ይወርዳል። አሁን አውቶቡሱ ሳይንሸራተት ይገለበጣል፤ ሾፌሩም ጎማው ሲንሸራተት የሚሰማውን ማስጠንቀቂያ አያገኝም። የውድድር መኪና ወገቡ እስከ መሬት ዝቅ ብሎ የሚሠራውም ለዚሁ ነው።

በመጨረሻ ስለ ፍሬን እናንሣ። 10 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ 1,000 ሜትር ሲወርድ 98 ሚሊዮን ጁል ጉልበት ይለቃል። ይህ የ290 ሊትር ውኃን ሙቀት በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጨምር የሚችል ነው። ይህን ሁሉ ፍሬኑ ብቻ ይሸከም ከተባለ እንደ ማርቲንስቪል መኪና ዲስክ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም መያዝ ያቅተዋል። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ማለት የጉልበቱን ከፊል ለሞተሩ ማካፈል ነው።

የሞላላ መም ሾፌር አንዱን ኩርባ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋግመዋል፤ ዝንባሌውም ሬዲየሱም ተለክተው የታወቁ ናቸው። የተራራ መንገድ ሾፌር የሚያገኘው ኩርባ ሁሉ የተለያየ ሲሆን ስሌቱንም በዓይኑ መሥራት አለበት። ከሦስቱ ነገሮች ሬዲየሱንና ዝንባሌውን የወሰነው መንገድ ሠሪው ነው፤ ሰበቃውን በአብዛኛው የሚወስነው ሰማዩና የጎማው ጥርስ ነው። በሾፌሩ እጅ የቀረው ፍጥነት ነው፤ እርሱም በቀመሩ ውስጥ በራሱ የሚባዛው ብቸኛው ነው። ከ40 ወደ 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ያለ ሾፌር ከኩርባው የሚጠይቀውን ኃይል በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። ተሳፋሪም “ቀስ በል” ሲል ፈሪ ሊባል አይገባም፤ የሚናገረው ፊዚክስ ነው።

መልመጃ

1. ሬዲየሱ 40 ሜትር በሆነ ዝርግ ኩርባ ላይ ሰበቃው 0.7 እና 0.4 ሲሆን ከፍተኛውን ፍጥነት አስላ።

2. በብሪስቶል ኩርባ (ሬዲየስ 74 ሜትር፣ ዝንባሌ 26 ዲግሪ) ምንም ሰበቃ ባይኖር መኪናው ሳይንሸራተት የሚዞርበት ፍጥነት ስንት ነው?

3. በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ የተጫነ ዕቃ የመንሸራተትን ገደብ ሳይለውጥ የመገልበጥን ገደብ የሚለውጠው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው በሰዓት 60 እና 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ የሁለተኛው 68 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሦስተኛውን ከጓደኞቻችሁ ጋር ተወያዩበት።