ሳይቋጭ የሚወደድ ታሪክ፦ የተከታታይ ድራማ መቋረጥ ስጋትና የተመልካች ደስታ

መግቢያ

የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መመልከት የሚጀምር ሰው፣ ታሪኩ ሳይቋጭ ሥርጭቱ ሊቋረጥ እንደሚችል ያውቃል። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ተመልካች «ካለቀ በኋላ አየዋለሁ» ብሎ ይተወዋል። ይህ አጭር ጽሑፍ የስጋቱን ምንጭና መጠበቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ ይመረምራል።

የስጋቱ መጠን

ስጋቱ ለሁሉም ሥራዎች እኩል አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ ድምፅ ካቀረባቸው የውጭ ድራማዎች ብዙዎቹ በአገራቸው ታይተው ያለቁ ነበሩ። «የቀን ቅኝት» የተሰኘው የሬዲዮ ድራማም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች ተላልፎ ተጠናቋል። እንደ «ምን ልታዘዝ» ባሉ አስቂኝ ድራማዎች ደግሞ አንዱ ክፍል የራሱን ጉዳይ አንሥቶ ሊቋጭ ስለሚችል፣ ቀጣዩ ቢቀር እንኳ የታየው ጎዶሎ አይሆንም። ስጋቱ የሚከብደው ሥርጭቱ እየተካሄደ በሚጻፍና ገቢው በስፖንሰር ላይ በተመሠረተ የአገር ውስጥ ድራማ ላይ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ በብሮድካስት የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን በመከልከሉ፣ ለጣቢያዎች አንድ ትልቅ የገቢ በር ተዘግቷል።

የመጠበቅ ዋጋ

ስፖንሰር የሚመጣው ተመልካች ሲኖር ነው። ሁሉም ፍጻሜውን ከጠበቀ ድራማው ተመልካች ያጣል፤ ጥንቃቄውም የተፈራውን መቋረጥ ይወልዳል። በአንጻሩ የታየ ሥራ ቢቋረጥም እንኳ ወዳጅ ያፈራል። የአሜሪካው «ፋየርፍላይ» እ.ኤ.አ. በ2002 ከተዘጋጁት 14 ክፍሎች 11ዱ ብቻ ተላልፈው ቢቋረጥም፣ የተመልካቾቹ ፍቅር በ2005 ታሪኩን የሚቀጥል ፊልም እንዲሠራ ረድቷል።

ማጠቃለያ

ጎዶሎ ታሪክን መውደድ ለሚዛን ተፈሪ፣ ለቴፒም ሆነ ለሸዋ ቤንች ተመልካች እንግዳ ነገር አይደለም። በሥርጭቱ ሰዓት መብራት ቢጠፋ፣ ያመለጠው ክፍል በማግሥቱ ቡና ላይ ከጎረቤት ይሰማል፤ ቀጣዩም ይገመታል። ደስታው በመጨረሻው ክፍል ብቻ ሳይሆን በዚህ ጨዋታ ውስጥም አለ። ስለዚህ ተመልካቹ ፍጻሜውን ሳይጠብቅ ቢመለከት፣ አዘጋጆችም ለየምዕራፉ በራሱ የሚበቃ መቋጫ ቢያበጁ፣ ድራማው ቢቋረጥ እንኳ የታየው ከንቱ አይቀርም።