ሱስ እያለብዎ የልጅ ክርክር ከገጠመዎት

ትዳር ፈርሶ «ልጁ ከማን ጋር ይኑር?» የሚለው ክርክር ሲመጣ፣ ጫት የሚቅም፣ የሚጠጣ ወይም ትራማዶል የለመደ ወላጅ ብዙ ጊዜ ወይ ሱሱን ይክዳል፣ ወይ «እኔን ማን ይሰማኛል» ብሎ ከችሎት ይቀራል። ሁለቱም ይጎዱታል፤ ከእሱ ይበልጥ ግን ልጁን። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ።

ሕጉን ይወቁ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም እንዲመዝን ያዛል። ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ስለሚያወጡ የአካባቢዎን ይጠይቁ። አንቀጹ ሱስ ያለበት ሰው ልጅ አያሳድግም አይልም፤ ሱሱ የሚመዘነው በጤንነትና በአኗኗር በኩል ነው። ከሁሉ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 የልጁን ጥቅም ያስቀድማል። ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 23632 አባት መሆን ብቻውን ልጅን ካሳደገች አክስት ለመውሰድ እንደማይበቃ ወስኗል። «ልጄ ነው» ማለት ብቻውን ክርክር አይሆንም።

አይካዱ። ጎረቤት ያውቃል፣ የልጅዎ መምህር ያውቃል፣ የሱቁ ባለቤት ያውቃል። አንዱ ቀርቦ ከመሰከረ፣ እውነት የተናገሩበት ቃልዎም ይጠረጠራል። «ችግሩ አለብኝ፤ እየታከምኩ ነው» የሚል ወላጅ ለዳኛው የሚመዝነው ነገር ሰጥቷል።

ሕክምናውን ከቀጠሮው በፊት ይጀምሩ። አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ አማኑኤል ወይም ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደው ይመርመሩ፤ የክትትል ካርድዎንና የሐኪም ማስረጃውን ይያዙ። ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጡ ከኖሩ ግን ያለ ሐኪም በአንድ ጊዜ አያቁሙ፤ መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ራስን ስቶ መውደቅ ሊመጣ ይችላል፤ ሰው ይሞትበታል። ጠበል የሚገቡ ከሆነም የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ።

ልጅዎን በሚያዩበት ቀን ዋዜማ በርጫ አይቀመጡ። ሰንሰለቱን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል፦ ከሰዓት በኋላ ምርቃና፣ ማታ ጨብሲ፣ ሊነጋ ሲል እንቅልፍ። ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ልጅቷ ጫማዋን አስራ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከአያቷ በር ላይ ቆማለች፤ የእርስዎ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ምንም ጠበቃ አይመልሰውም። የማይችሉ ከሆነ አስቀድመው ይደውሉ። ጠጥተው ወይም መርቅነው ግን ፈጽሞ አይሂዱ፤ ልጅም በመኪና አይጫኑ።

ቀለብ አያቋርጡ። ትንሽም ብትሆን በባንክ ያስገቡ፣ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

ልጁን ሲጋራና ጫት አይላኩ፤ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ቤት ወሬ አምጣ አይበሉት።

ሱስ የሌለብዎት ወላጅም ይስሙ። ልጁ ፊት «ያ ሱሰኛ» ወይም «ያቺ ሰካራም» አይበሉ፤ ልጅ ስድቡን ወደ ራሱ ይወስደዋል። የተኛ ሰው በስልክ ቀርጾ ለዘመድ ማሰራጨት ክርክር ሳይሆን ማዋረድ ነው። ለልጁ ደኅንነት በእውነት የሚፈሩ ከሆነ ግን ዝም አይበሉ፤ ጉብኝቱ የሚታመን ሦስተኛ ሰው ባለበት እንዲሆን ፍርድ ቤቱን ይጠይቁ። ድብደባ ካለ ለፖሊስ ያመልክቱ፤ እዚህ ላይ ሽምግልና አይቅደም።

ጠበቃ የለኝም ብለው አይቅሩ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች፣ የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚያቋቁሟቸው የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አቅም ለሌለው ይረዳሉ። መጥሪያውን ይዘው ይሂዱ።

ከተፈረደብዎ ይግባኝ ለማለት ያለዎት ጊዜ 60 ቀን ነው፤ በንዴት ወደ ጫት ቤት ተመልሰው አያሳልፉት። ይግባኙ ባይሳካም የልጅ አሳዳጊነት ውሳኔ ሁኔታ ሲለወጥ ሊሻሻል ይችላል። ሕክምናዎን ይቀጥሉ፣ በተፈቀደልዎ ቀን ሁሉ በሰዓቱ ይገኙ፤ ለውጡን የሚያሳይ ማስረጃ ሲይዙ የአሳዳጊነት ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ያመልክቱ።