ሰርጓጅ ጀልባዬን ከግጭት በምን ልጠብቃት?

ጥያቄ፦ ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ ሰርጓጅ ጀልባ እየሠራሁ ነው። ውድ ሶናር ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ርካሽ መላ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ አለ። ዓሣ አጥማጆች ጥልቀት የሚለኩበትን አነስተኛ ሶናር ይግዙ፤ አንዱን ወደ ፊት፣ በፍሪኩዌንሲ የሚለየውን ሌላውን ወደ ላይ አዙረው ይግጠሙ። የሚጠልቁበትን ጥልቀት ግፊት መቻላቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ማሚቶው በ0.04 ሰከንድ ከተመለሰ እንቅፋቱ 30 ሜትር ላይ ነው። ጨረሩ ግን ጠባብ ነው፤ በጎን የሚመጣውን አያሳይም። ስለዚህ ወደ ላይ ከመውጣትዎ በፊት ሞተር አጥፍተው በሃይድሮፎን (በውኃ ውስጥ ድምፅ መስሚያ) ያዳምጡ። በ2001 እ.ኤ.አ. ግሪንቪል የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ሃዋይ አጠገብ በድንገት ስትወጣ ኤሂሜ ማሩ የተባለችውን የጃፓን መርከብ መትታ 9 ሰዎች ሞተዋል፤ የባሕር ኃይል ሶናር እያላት። ላይ ሆኖ የሚጠብቅዎ ጀልባ ከሌለ አይጥለቁ።