በባሕር ውስጥ ስለ ተጣለ መርዝ

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1945 ዓ.ም. ጦርነቱ ካለቀ በኋላ፣ ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት ከጀርመን የማረኩትን የመርዝ ጋዝ ቦምብ በመርከብ ጭነው፣ መርከቦቹን ከነጭነታቸው በኖርዌይ አጠገብ በስካገራክ ባሕር አሰጠሙ። ከመርዙም አንዱ፣ ጣልያን በእኛ አቈጣጠር በ1928 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ ያዘነበው የሰናፍጭ ጋዝ ነው።

ይህ መርዝ በቀዝቃዛ ውሃ እንደ ሞራ ይረጋል እንጂ ቶሎ አይጠፋም። በባልቲክ ባሕርም በመረብ ያወጡት ዓሣ አጥማጆች ቆስለዋል።

ስለዚህ የኖርዌይ ሊቃውንት በ2002 (በአውሮፓ) በገመድ የሚመራ መሣሪያ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ጥልቁ አውርደው መርከቦቹን መረመሩ፤ ከአጠገባቸው በተወሰደውም ጭቃ የመርዝ ምልክት ተገኘ። የዛገውን ቦምብ ማንሣት ሊሰብረው ስለሚችል፣ መርምሮ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ክፉ ነገር ከዓይን ስለ ተሰወረ ጠፋ አይባልም። መምህራንም፣ በሜዳ የወደቀ የጦር ብረት ቢገኝ ማንም ሳይነካው ለሹም እንዲነገር ልጆችን ያስተምሩ።