ሞደሙ «አልገናኝም» ሲል ከየት እንጀምር?

እንደሚታወቀው በዛሬው ጊዜ ኢንተርኔት ማለት ለብዙዎቻችን በኪሳችን ያለው ስልክ ነው። ጥቅሉ ካለቀ እንሞላለን፣ ኔትወርክ ከጠፋ ስልኩን አጥፍተን እናበራለን፣ በቃ። ታላላቆቻችን ግን አንድ ኢሜይል ለመላክ የቤቱን ስልክ ነቅለው ሽቦውን ኮምፒውተር ላይ ይሰኩ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የስልክ መስመር ሞደም እንዴት ይሠራ እንደነበረና እምቢ ሲል ጥፋቱ በየት በኩል እንደሚፈለግ ለማሳየት እሞክራለሁ። ምሳሌ የማደርገው ውቤ በረሃን ነው። በደጃዝማች ውቤ አትናፍሰገድ ስም የሚጠራው ይህ የአራዳ ሰፈር በጭፈራ ቤቶቹ ይታወቅ እንጂ የስልክ ሽቦ የገባባቸው የቆዩ የጭቃ ቤቶችም ነበሩት።

ለመሆኑ ሞደም ምንድን ነው?

ስሙ «ሞዱሌተር» እና «ዲሞዱሌተር» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተቆረጠ ነው። የስልክ መስመር የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው፤ የሚያሳልፈውም በግምት ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ብቻ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ 0 እና 1 እንጂ ድምፅ አያውቅም። ስለዚህ ሞደሙ ቁጥሩን ወደ ድምፅ ለውጦ ይልካል፣ ከወዲያ የመጣውን ድምፅ ወደ ቁጥር ይመልሳል። ያ ሲደወል የሚሰማው ጩኸት ብልሽት አይደለም። ሁለቱ ሞደሞች ሰላምታ እየተለዋወጡ፣ በስንት ፍጥነት እንደሚነጋገሩ እየተስማሙ ነው። ልክ እንደኛ አገር ሰላምታ ረዘም ይላል!

አገራችን ውስጥ የስልክ መስመር ዝርጋታ የተጀመረው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997 በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። ኮርፖሬሽኑ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆኗል።

ጥፋቱን በቅደም ተከተል መፈለግ

ብዙ ሰው ሞደሙ እምቢ ሲለው መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ይፈታ ነበር። ትክክለኛው መንገድ ግን ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ውስጥ መግባት ነው።

1ኛ. ስልኩን ማንሳት። ሞደሙን ነቅለን ተራ ስልክ ግድግዳው ላይ እንሰካለን። ቶን ከሌለ ኮምፒውተሩ ምንም አላጠፋም፤ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው። ቶን ኖሮ የሚንኮሻኮሽ ከሆነም ልብ እንበል። በቆዩ ቤቶች ሽቦው በኮርኒስና በጓዳ በኩል እየተቀጠለ ስለሚያልፍ ክረምት ሲገባ መቀጠያው እርጥበት ይይዛል። ሰው በዚያ ድምፅ መሐል «ሃሎ» ብሎ ይግባባል፣ ሞደም ግን አይግባባም።

2ኛ. ቀዳዳውን ማየት። ሞደሙ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ አንዱ «ላይን» ሌላው «ፎን» ይባላል። ከግድግዳ የመጣው ሽቦ «ላይን» ውስጥ ይገባል። ዊንዶውስ ስህተት 680 ካሳየ ቶን አልሰማሁም ማለቱ ነው። ስልኩ ላይ ቶን እየተሰማ ሞደሙ «የለም» ካለ ግን ሞደሙ የተሠራው ለሌላ አገር ቶን ሊሆን ይችላል። ያኔ «ከመደወልህ በፊት ቶን ጠብቅ» የሚለውን ምልክት ማንሳት ነው።

3ኛ. ኮምፒውተሩ ሞደሙን ያውቀዋል ወይ? ስህተት 692 የሞደም ብልሽትን ያመለክታል፤ 633 ደግሞ ሞደሙ በሌላ ፕሮግራም (ለምሳሌ በፋክስ) ተይዟል ወይም በደንብ አልተጫነም ማለት ነው። «ኤቲ» ብለን ስንጽፍለት «ኦኬ» ብሎ ከመለሰ ሞደሙ በሕይወት አለ።

4ኛ. ቁጥሩን ማጣራት። ስህተት 676 መስመሩ ተይዟል፣ 678 የተደወለለት አልመለሰም ማለት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ስልክ ቁጥሮች ሲቀየሩ የአዲስ አበባ ቁጥር ከ6 አሃዝ ወደ 7 አድጓል፤ የከተማው ኮድም ከ01 ወደ 011 ተለውጧል። ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ቁጥር ራሱን አያድስም።

5ኛ. ስምና የይለፍ ቃል። ስህተት 691 ሲመጣ ሰው ይናደዳል። ነገር ግን ይህ የምሥራች ነው! ሽቦው ሠርቷል፣ ሞደሙ ሠርቷል፣ ወዲያ ማዶ ያለው መልሷል። የቀረው የፊደሉን ትልቅና ትንሽ አስተካክሎ እንደገና መጻፍ፣ ሒሳቡም መከፈሉን ማየት ነው።

6ኛ. ተገናኝቶ ከተቆረጠ። ሌላ ክፍል ፓራለል ስልክ ካለ አንድ ሰው ሲያነሳው ግንኙነቱ ሊቋረጥ ይችላል። ጥሪ የማስጠበቅ አገልግሎትም እንዲሁ ያቋርጣል። መፍትሔው ለቤተሰቡ አስቀድሞ መንገር ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?

ምክንያቱም የሚቆጥረው ደቂቃ ነበር። 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ 56 ኪሎቢት በሚባለው ሞደም ከ2 ደቂቃ በላይ ይወስዳል፤ መስመሩ ደክሞ ወደ 28 ከወረደ ወደ 5 ደቂቃ ይጠጋል። መላክ ደግሞ ከመቀበል ይዘገያል፤ ብዙውን ጊዜ ከ33.6 አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 ዲቪ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንተርኔት ብቻ መሞላት ሲጀምር ፎቶው ከ62,500 ባይት መብለጥ አልነበረበትም። ይህ በጥሩ መስመር 15 ሰከንድ ያህል ነው። ችግሩ መስመሩ መሐል ላይ ሲቆረጥ ነው፤ ሰውየው መላኩንና አለመላኩን ሳያውቅ የመጨረሻው ቀን ሊያልፍበት ይችላል።

ሌላም አለ። አንዱ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ሳለ የቤቱ ስልክ ለሚደውል ሁሉ የተያዘ ነው። ሐኪም ቤት የተኛ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ለአንድ ሰዓት አይገኝም። ስለዚህ ጥፋቱን በ5 ደቂቃ ማግኘትና ግማሽ ቀን እየደጋገሙ መደወል ለሒሳቡም ለቤተሰቡም አንድ አይደሉም።

ክረምት ላይ አንድ ጥንቃቄ ነበረ። መብረቅ በመብራት ብቻ ሳይሆን በስልክ ሽቦም ይገባል። ስታብላይዘር የገዛ ሰው ሞደሙን ከስልክ ሽቦ ካልነቀለ ሊቃጠልበት ይችላል።

ለኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ምን ይሆነናል?

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ዙሪያ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የቆዩ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ኮርኒሳቸው ውስጥ የነበረው ሽቦም አብሮ ሄዷል። አሠራሩን የሚያስታውሱ ሰዎች ግን አሉ፤ አጠገባችን ሳሉ ብንጠይቃቸው ጥሩ ነው።

ቅደም ተከተሉም ዛሬ ይሠራል። «ኔትወርክ ጠፋ» የሚል ወሬ ስንሰማ መጀመሪያ የራሳችንን ስልክ፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን፣ ቀጥሎ ሌላ ሰፈር ያለውን እንጠይቅ። የጠፋው ከኛ ቤት ብቻ ከሆነ ዜና አይደለም፤ ከተማው ሁሉ ከሆነ ግን ዜና ነው። ሁለቱን ሳንለይ ግን አንጻፍ።