ቢንቢ ኤችአይቪን ታስተላልፋለች?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቫይረሱ በደሟ ይገኛል። ከልጆቻችን ጋር አንድ ክፍል ነው የምናድረው። ቢንቢ እሷን ነክሳ ወዲያው ልጆቹን ብትነክስስ?

መልስ፦ አይተላለፍባቸውም፤ ከዚህ ስጋት ይገላገሉ። ቢንቢ ስትነክስ በአንዱ ቀጭን ቱቦ ምራቋን ትረጫለች፣ በሌላው ደም ትመጥጣለች። ከሌላ ሰው የመጠጠችውን ደም መልሳ አትወጋም። የወባ ተውሳክ በሰውነቷ ውስጥ አድጎ እስከ ምራቅ ዕጢዋ ይደርሳል፤ ኤችአይቪ ግን የሚራባበት ሕዋስ ስለማያገኝ ከደሙ ጋር ተፈጭቶ ይጠፋል። አፏ ላይ የሚቀረው ደምም ለማስተላለፍ እጅግ ኢምንት ነው። ትኋንና ቁንጫም አያስተላልፉም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፍሎሪዳ፣ ቤል ግሌድ በምትባል ከተማ የኤድስ ሕሙማን ሲበዙ ብዙዎች ቢንቢን ጠርጥረው ነበር። ነዋሪዎቹ ሲመረመሩ ግን ከ2 እስከ 10 ዓመት ባሉት ልጆች ላይ ቫይረሱ አልተገኘም። ቢንቢ ደግሞ ሕፃን አዋቂ ብላ አትመርጥም!

አጎበሩን ለወባ ሲሉ ይዘርጉት። ምላጭ ግን አትጋሩ። ልጆቹ ከተወለዱ ወዲህ ካልተመረመሩ ያስመርምሯቸው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ነው። ባለቤትዎም መድኃኒቷን አታቋርጥ፤ በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ከወረደ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ እርስዎም አይተላለፍም።